የክሬዲት ካርድ ቻርጅ ሲቃወሙ፦ ክሬዲት ሪፖርትዎን የሚጠብቀው የትኛው መንገድ ነው?

አሜሪካ የሚኖር ሰው ስቴትመንቱ ላይ የማያውቀው ወይም የማያምንበት ቻርጅ ሲያይ ብዙ ጊዜ ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስበው ክሬዲቱ ነው። «ዲስፒዩት ካደረግኩ ስኮሬ ይወርዳል» የሚል ወሬ ስላለ፣ አርባና ሃምሳ ዶላሩን ዋጥ አድርጎ የሚተወው አይጠፋም። ወሬው ልክ አይደለም። ቻርጅ መቃወም በራሱ ከስኮር ላይ ምንም አይቀንስም። ስኮር የሚጎዳው «ክርክር ላይ ነኝ» ብለው የቀረውን ሒሳብ ሳይከፍሉ ሲቀሩ፣ የተከራከሩበት ገንዘብ ሊሚትዎን ይዞ ሲቆይ፣ ወይም ከተሸነፉ በኋላ የተሰጠዎትን የመክፈያ ቀን ሲያሳልፉ ነው። የእነዚህ አደጋዎች መጠን እንደየመንገዱ ይለያያል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት ዲስፒዩቶች፣ ሁለት በሮች

ሰው «ዲስፒዩት» ሲል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይደባልቃል። አንደኛው ካርዱን ለሰጠው ባንክ የሚቀርብ ነው፤ «ይህ ቻርጅ የእኔ አይደለም» ወይም «ዕቃው አልደረሰኝም» የሚባልበት። የሚመራው በ1974 በወጣው ፌር ክሬዲት ቢሊንግ አክት ነው። ሁለተኛው ለክሬዲት ቢሮዎቹ፣ ማለትም ለኢኩፋክስ፣ ለኤክስፔሪያንና ለትራንስዩኒየን የሚቀርብ ሲሆን፣ «ስለ እኔ የጻፋችሁት መረጃ ስህተት ነው» የሚባልበት ነው። እሱ ደግሞ በ1970 በወጣው ፌር ክሬዲት ሪፖርቲንግ አክት ይመራል።

በሩን መሳሳት ዋጋ ያስከፍላል። ያልተረከቡት ዕቃ ቻርጅ ተደርጎብዎት በቀጥታ ወደ ቢሮው ቢሄዱ፣ ቢሮው ባንኩን የሚጠይቀው «የላካችሁልን ባላንስ ትክክል ነው ወይ?» ብሎ ነው። ባንኩ መዝገቡን አይቶ «ትክክል ነው» ይላል፤ ፋይሉ ይዘጋል። በዚህ መካከል ለባንኩ ለመጻፍ የነበረዎት 60 ቀን እየነጎደ ነው። ስለዚህ ቻርጅ ከሆነ ባንክ ዘንድ፣ ሪፖርት ላይ የተጻፈ ስህተት ከሆነ ቢሮ ዘንድ ይሂዱ።

መጀመሪያ ሻጩን መጠየቅ

ይህ መንገድ ሪፖርት ላይ ምንም አያሳይም፤ ፈጣንም ነው። ችግሩ «ነገ እንመልሳለን» እየተባለ ጊዜ ማለፉ ነው። 60 ቀኑ የሚቆጠረው ቻርጁ ያለበት የመጀመሪያው ስቴትመንት ከተላከበት ቀን ነው፤ ሻጩ ቃሉን ካጠፈበት ቀን ወይም እርስዎ ነገሩን ካስተዋሉበት ቀን አይደለም። ለሻጩ ሁለት ሳምንት መስጠት ይበቃል። ንግግሩን በኢሜይል ወይም በጽሑፍ ያድርጉት፤ ኋላ ባንኩ የሚጠይቀው እሱን ነው። የጉዞ ወኪል የአዲስ አበባ ትኬት ሰርዞ «ገንዘቡ ከአየር መንገዱ እስኪመጣ ጠብቅ» ሲል፣ የሚጠብቁበትን የመጨረሻ ቀን ከወዲሁ ቆርጠው ያሳውቁት።

በአፕ ወይም በስልክ ዲስፒዩት ማድረግ

ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚሄድበት መንገድ ይህ ነው። አፑን ከፍተው ቻርጁን ይነካሉ፣ ምክንያት ይመርጣሉ፣ ያልቃል። ከበስተጀርባ የሚሠራው የቪዛ ወይም የማስተርካርድ ቻርጅባክ ደንብ፣ ማለትም ገንዘቡን ከሻጩ የማስመለስ ሥርዓት ነው። ጥቅሙ ሰፊነቱ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ60 ቀን የረዘመ ጊዜ ይሰጣል፣ ሻጩ የትም አገር ቢሆን ይሠራል። ቦሌ ያለ ሆቴል በአሜሪካ ካርድዎ ያስያዙት ክፍል ቃል የተገባለትን ያህል ካልሆነ፣ በተግባር የሚያዋጣው ይኸው ነው።

ድክመቱ ግን መታወቅ አለበት። ሕጉ የሚሰጠው ጥበቃ የሚነሣው በጽሑፍ በተላከ ማስታወቂያ ነው፤ ስልክ መደወል ብቻውን አያስነሣውም። በአፕ የተላከውም እንደ ሕጋዊ ማስታወቂያ የሚቆጠረው ባንኩ በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንደሚቀበል ከገለጸ ነው። ይህንን ለማወቅ የስቴትመንቱ ጀርባ ወይም የመጨረሻው ገጽ ላይ ያለውን ስለ ቢል መብቶች የሚናገር አንቀጽ ያንብቡ። አንቀጹ «በጽሑፍ በዚህ አድራሻ ጻፉልን» ብቻ ካለ፣ አፑ ላይ የነኩት ቁልፍ የቻርጅባክ ሒደቱን ያስጀምራል እንጂ ከሪፖርት የሚጠብቅዎትን ጋሻ አያነሣም።

ሌላው ወጥመድ ጊዜያዊ ክሬዲት ነው። ባንኩ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ገንዘቡን መልሶ ሲያስገባ ሰው ያሸነፈ ይመስለዋል። ሻጩ ማስረጃ ይዞ ከመጣ ግን ከወራት በኋላም ቢሆን ገንዘቡ ተመልሶ ሒሳቡ ላይ ይጫናል። ኦቶፔይ (በየወሩ ራሱ የሚከፍል ክፍያ) የሌለው ሰው ባዶ ነው ብሎ የተወው ካርድ ላይ ድንገት ባላንስ ይፈጠራል፤ ሚኒመም ፔይመንቱ ሳይከፈል 30 ቀን ካለፈ ሪፖርት ላይ «ዘግይቷል» የሚል ምልክት ይወጣል። በዲስፒዩት ምክንያት ክሬዲታቸው ተበላሸ የሚባሉ ብዙ ሰዎች እውነተኛ ታሪክ ይኸው ነው።

ደብዳቤው፦ ቀርፋፋው ግን ጠንካራው

ገንዘቡ ከበድ ያለ ከሆነ፣ ወይም እስኪወሰን ድረስ ላለመክፈል ካሰቡ፣ ከአፑ በተጨማሪ ደብዳቤ ይላኩ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ደብዳቤው ግማሽ ገጽ አይሞላም፤ ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ ስህተት ነው የሚሉት ገንዘብ መጠን፣ ቻርጁ የወጣበት ቀን፣ የሻጩ ስም ስቴትመንቱ ላይ በተጻፈው አኳኋን፣ እና ለምን ስህተት እንደሆነ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር። የደረሰኝና የኢሜይል ቅጂ አብሮ ይገባል፤ ዋናው እርስዎ ዘንድ ይቀራል።

አድራሻው ላይ ብዙዎች ይስታሉ። ስቴትመንት ላይ ሁለት አድራሻ አለ፦ አንዱ ክፍያ የሚላክበት፣ ሌላው ለቢል ጥያቄ የተለየው። ደብዳቤው የሚሄደው ወደ ሁለተኛው ነው። ክፍያ መቀበያው ጋ የደረሰ ደብዳቤ እንዳልተላከ ሊቆጠር ይችላል። በሰርቲፋይድ ሜይል፣ የመቀበያ ማረጋገጫ ካርዱን ጨምረው ይላኩት፤ 60 ቀኑ የሚለካው ደብዳቤው ባንኩ እጅ በገባበት ቀን እንጂ ፖስታ ቤት በሰጡበት ቀን አይደለም።

ከዚያ በኋላ ባንኩ ላይ ሰዓት ይጀምራል። ደብዳቤው መድረሱን በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ጉዳዩን በሁለት ሙሉ የቢል ዙሮች ውስጥ፣ ቢበዛ ግን በ90 ቀን መጨረስ አለበት። በዚህ ጊዜ ውስጥ የተከራከሩበትን ገንዘብና በእሱ ላይ የሚታሰበውን ወለድ ላለመክፈል መብት አለዎት። ባንኩም ያንን ገንዘብ «አልተከፈለም» ብሎ ለክሬዲት ቢሮ ማሳወቅ፣ በዚያ ብቻ ሰበብ ካርዱን መዝጋት ወይም ጠቅላላ ዕዳውን በአንድ ጊዜ መጠየቅ አይችልም። እነዚህን ደንቦች የጣሰ ባንክ፣ ቻርጁ ትክክል ሆኖ ቢገኝ እንኳ፣ እስከ 50 ዶላር የሚደርስ ገንዘብ የመሰብሰብ መብቱን ያጣል። ትንሽ ቅጣት ናት፤ ግን ባንኩ ቀኑን ሲያሳልፍ በቀጣዩ ደብዳቤ ላይ ብትጠቀስ ጥሩ ናት።

ጋሻው የማይሸፍነውን ልብ ይበሉ። ከተከራከሩበት ውጭ ያለው ባላንስ እንደወትሮው መከፈል አለበት፤ ሕጉ እሱን አይጠብቅም። ደግሞም ባንኩ የተከራከሩበትን ገንዘብ ከሊሚትዎ ላይ ይዞ ማቆየት ይፈቀድለታል።

የዕቃ ጥራት ሲሆን ሕጉ ይለወጣል

ደብዳቤው የሚሠራው «የቢል ስህተት» ለሚባሉት ነው፦ ያልፈቀዱት ቻርጅ፣ የተሳሳተ መጠን፣ ሁለት ጊዜ የተቆረጠ፣ በስምምነቱ መሠረት ያልደረሰ ዕቃ፣ ከፍለው ሒሳብዎ ላይ ያልታየልዎት ክፍያ። ሶፋው መጥቶ እግሩ የተሰበረ ከሆነ፣ ወይም ቀቢው ግድግዳውን አበላሽቶት ከሄደ ግን ነገሩ የጥራት ክርክር ነው፤ ሌላ ድንጋጌ ይመለከተዋል። እሱ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ግዢው ከ50 ዶላር በላይ መሆኑን፣ በሚኖሩበት ስቴት ወይም ከቤትዎ አድራሻ በ100 ማይል ውስጥ መደረጉን፣ እና ከሻጩ ጋር ለመስማማት በቅንነት መሞከርዎን።

እዚህ ላይ የመክፈልና የመያዝ ጥያቄ ወሳኝ ይሆናል። በጥራት ክርክር መያዝ የሚችሉት ገና ያልከፈሉትን ያህል ብቻ ነው። ሙሉውን ከፍለው ከጨረሱ ይህ መብት አብሮ ያልቃል፤ የሚቀርዎት የቻርጅባክ ደንቡ ነው። በቢል ስህተት ግን እንዲህ አይደለም፤ ከፍለውም ቢሆን በ60 ቀኑ ውስጥ ከጻፉ መብቱ አለ። አዲስ አበባ የተገዛ ነገር ጥራት ጉዳይ በ100 ማይል ምክንያት ከዚህ ድንጋጌ ውጭ ይወድቃል፤ አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ የተቆረጠ ቻርጅ ግን የቢል ስህተት ስለሆነ ርቀት አይገድበውም። ከብር ወደ ዶላር ሲመነዘር የመጣ ልዩነት ወይም ባንኩ የሚቆርጠው የውጭ ግብይት ክፍያ ስህተት አይባልም፤ በእሱ ጊዜ አያጥፉ።

ከፍሎ መከራከር ወይስ ይዞ መከራከር?

በቁጥር እንየው። ሊሚቱ 2,000 ዶላር የሆነ ካርድ ላይ 1,400 ዶላር የተሰረዘ ትኬትና 300 ዶላር የአስቤዛ ሒሳብ አለ እንበል። የካርዱ ወለድ በዓመት 24 በመቶ ነው።

ደብዳቤ ልከው 1,400ውን ከያዙ፣ 300ውን ግን በቀኑ ከከፈሉ፣ በክፍያ ታሪክዎ ላይ የሚጻፍ ነገር የለም። ነገር ግን 1,400ው ባላንስ ሆኖ ከታየ ካርዱ 70 በመቶ የተያዘ ይመስላል። አበዳሪዎች በብዛት በሚጠቀሙበት የክሬዲት ስኮር፣ በፊኮ ስሌት፣ የዕዳ መጠን 30 በመቶ ያህል ክብደት ስላለው ስኮርዎ ለሁለት ሦስት ወር ሊወርድ ይችላል። ይህ ጠባሳ አይደለም፤ ባላንሱ ሲወርድ ስኮሩም ይመለሳል። ባንኩ ጊዜያዊ ክሬዲት ከሰጠ ደግሞ ይህም አይታይም። ቢሸነፉ የሁለት ወር ወለድ 56 ዶላር ገደማ ይጨመርብዎታል።

ሙሉውን 1,700 ከፍለው ቢከራከሩ፣ ሪፖርቱ ንጹሕ ይሆናል፤ የሚጎዳው 1,400 ዶላርዎ እስኪመለስ እጅዎ ላይ አለመኖሩ ነው።

ሦስተኛው ሰው ተናዶ ምንም ሳይከፍል ይቀራል፤ 300ውንም ጭምር። ከ30 ቀን በኋላ ሒሳቡ ዘግይቷል ተብሎ ለቢሮ ይነገራል። የክፍያ ታሪክ የፊኮን 35 በመቶ ይይዛል፤ አንዲት የ30 ቀን መዘግየት ሪፖርት ላይ ሰባት ዓመት ትቀመጣለች። በ1,400ው ክርክር ቢያሸንፍ እንኳ የ300ው መዘግየት አይሰረዝለትም።

ስለዚህ በቅርብ ቤት ወይም መኪና በብድር ሊገዙ ካሰቡና ገንዘቡ ካለዎት፣ የቢል ስህተት ከሆነ ከፍሎ መከራከሩ ይሻላል። ገንዘቡ ከሌለዎት፣ ወይም ጉዳዩ የጥራት ክርክር ከሆነ፣ በደብዳቤ ይዘው ይከራከሩ። መያዝ ከመረጡ ኦቶፔዩን ይመልከቱ። «ሙሉ ባላንስ» ላይ ከተቀመጠ የተከራከሩበትንም ይከፍለዋል። የሚከፈለው እዚያው ባንክ ካለ አካውንት ከሆነ፣ ማስታወቂያዎ ከመክፈያው ቀን ሦስት የሥራ ቀን ቀድሞ ከደረሰ ባንኩ የተከራከሩበትን ክፍል መቁረጥ የለበትም። ከሌላ ባንክ ከሆነ ግን ራስዎ ማስተካከል አለብዎት። ኦቶፔዩን ጨርሶ ከማጥፋት ሚኒመም ላይ ማድረግና ቀሪውን በእጅ መክፈል ይሻላል፤ አጥፍቶ መርሳት የተለመደ ነው።

ባንኩ «አልተስማማንም» ሲል

ውሳኔው በጽሑፍ ይመጣል፤ የሚከፈለውን መጠንና ቀኑን ይገልጻል። ባንኩ የተመሠረተባቸውን ሰነዶች ቅጂ ይጠይቁ፤ የመስጠት ግዴታ አለበት። ለመክፈል ቢያንስ 10 ቀን ይሰጥዎታል፤ ካርዱ የተለመደ ረዘም ያለ የመክፈያ ጊዜ ካለው ደግሞ እሱን ያህል። እስከዚያ ቀን ድረስ «ዘግይቷል» ተብሎ ሪፖርት አይደረግም።

አሁንም ካልተስማሙ በዚያው ጊዜ ውስጥ ድጋሚ ይጻፉ። ይህ ሁለተኛ ደብዳቤ ዕዳውን አያስቀርም፤ ነገር ግን ባንኩ «አልተከፈለኝም» ብሎ ሪፖርት ሲያደርግ ገንዘቡ ክርክር ላይ መሆኑን አብሮ እንዲገልጽና ለማን እንዳሳወቀ እንዲነግርዎት ያስገድደዋል። የእኛ አስተያየት፦ ገንዘቡ አነስተኛ ከሆነ በዚህ ደረጃ ከፍለው ለሸማቾች ገንዘብ ጥበቃ ቢሮ አቤቱታ ማስገባት፣ ወይም ሻጩን በአነስተኛ ክስ ፍርድ ቤት መጠየቅ ከሰባት ዓመት ምልክት ይሻላል።

ማሸነፍም የራሱ ጭራ አለው። ቻርጅባክ ገንዘቡን ከካርዱ ላይ ያነሣል እንጂ ከሻጩ ጋር ያለውን ውል አይሰርዝም። ጂም ወይም የዓመት ውል ያለው አገልግሎት ከሆነ፣ ሻጩ «ዕዳው አለ» ብሎ ለኮሌክሽን፣ ማለትም ለዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት፣ ሊሰጠው ይችላል፤ ሪፖርት ላይ የሚወጣው ያኔ በባንኩ ሳይሆን በሰብሳቢው ስም ነው። ከኅዳር 2021 መጨረሻ ጀምሮ ሰብሳቢው ሪፖርት ከማድረጉ በፊት እርስዎን ማነጋገር ወይም መልእክት ልኮ መጠበቅ አለበት። ስለዚህ የማያውቁት ፖስታ ሲመጣ አይጣሉት፤ ማስታወቂያው ከደረሰዎት በኋላ ባለው 30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ከተቃወሙ፣ ዕዳውን እስኪያረጋግጥ ማስከፈሉን ማቆም ግዴታው ነው። ከዚህ ሁሉ ለመዳን ቻርጁን ሲቃወሙ ውሉንም በጽሑፍ ይሰርዙ።

ስህተቱ ሪፖርቱ ላይ ከደረሰ

ያኔ ሁለተኛው በር ይከፈታል። ሪፖርትዎን በየሳምንቱ በነጻ ማየት ይቻላል፤ የሦስቱንም ቢሮ ይመልከቱ፣ ስህተቱ አንዱ ላይ ብቻ ሊሆን ይችላልና። ቢሮው ለማጣራት 30 ቀን አለው፤ በመካከል ተጨማሪ ማስረጃ ከላኩ 45 ሊሆን ይችላል። ባንኩ በክርክር ላይ ያለ ገንዘብ ሪፖርት ማድረጉን የሚያሳየው ምርጥ ማስረጃ የሰርቲፋይድ ሜይሉ ማረጋገጫና የባንኩ የ30 ቀን መልስ ነው።

ለባንኩ በቀጥታ መጻፍ ወይስ ለቢሮው? ለሁለቱም፤ አንዱን ብቻ ከሆነ ግን ለቢሮው። ባንኩ በትክክል ሳያጣራ ቢቀር በፌደራል ሕግ ሊከሱት የሚችሉት ክርክሩ በቢሮው በኩል ከደረሰው ነው፤ በቀጥታ የተላከ ደብዳቤ ብቻውን ያንን መብት አይሰጥም። ለዚህ ሥራ አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ «ክሬዲት አጸዳለሁ» ባይ ካጋጠመዎት ይለፉት፤ ሥራው ሳይጠናቀቅ ማስከፈል በ1996ቱ የክሬዲት ጥገና ድርጅቶች ሕግ ክልክል ነው።

ማንነትዎ ተሰርቆ የተከፈተ ካርድ ከሆነ መንገዱ አጭር ነው። በፌደራል የንግድ ኮሚሽን የማንነት ስርቆት ገጽ ላይ ሪፖርት ሞልተው ከመታወቂያ ቅጂ ጋር ለቢሮው ከላኩ፣ መረጃው በአራት የሥራ ቀን ውስጥ መታገድ አለበት።

ቤት ሊገዙ ያሉ ሰዎች አንድ ነገር ይወቁ። ሪፖርት ላይ «ባለቤቱ ተቃውሞታል» የሚል ማስታወሻ እያለ የፊኮ ስሌት የዚያን አካውንት አንዳንድ መረጃ ለጊዜው ሊያልፈው ስለሚችል፣ አበዳሪዎች ማስታወሻውን አይወዱትም፤ ብዙ ጊዜ ተነሥቶ ስኮሩ እንደገና እንዲወጣ ይጠይቃሉ። በኤፍኤችኤ ብድር (የፌደራል መንግሥት ዋስትና ባለው የቤት ብድር) ደግሞ በክርክር ላይ ያሉ መጥፎ አካውንቶች ድምር 1,000 ዶላር ከደረሰ ማመልከቻው ከኮምፒውተሩ ወጥቶ በሰው እጅ እንዲታይ ይደረጋል፤ የሕክምና ዕዳና የማንነት ስርቆት አይቆጠሩም። ክርክሩ ካለቀ በኋላም ማስታወሻው ሳይነሣ ሊቀር ስለሚችል፣ ማመልከቻ ከማስገባትዎ ሁለት ወር ቀደም ብለው ሪፖርቱን አውጥተው ይፈትሹና እንዲነሣ ባንኩንም ቢሮውንም በጽሑፍ ይጠይቁ።